በግራ በኩል የጎደሉ ወፎች

ዓርብ፣ ጥቅምት 1 ቀን 1989

ነገ ወደ ነጭ ገደል እንወጣለን። መኪናዋን አጥቤ፣ ጎማ አስነፍቼ፣ ጄሪካኑን ሞልቼ ገባሁ። ባለቤቴ ራሕማ ስንቅ እያሰናዳች ነው፤ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ። "ለዚያች ልጅም ጨምሬበታለሁ። ወፍ ስታይ መብላት ትረሳለች" አለችኝ።

ያቺ ልጅ የምትላት ሶሬቲ ናት። የወለጋ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ እዚሁ ገርጂ ከኛ ቤት ዝቅ ብላ ተከራይታ ትኖራለች። ስለ ተራራ ወፎች ጥናት ይዛለች። ለጥናቷ የመኪና አከራዩን የታዴዎስን ላንድክሩዘር ከነሾፌሩ በየአስራ አምስት ቀኑ ትከራያለች። ሾፌሩ እኔ ነኝ። መጀመሪያ መኪና ውስጥ ተኝቼ ነበር የምጠብቃት። አንድ ቀን "ያቺ ቋጥኙ ላይ ያለችው ምን ወፍ ናት?" ብዬ ብጠይቃት በአቅራቢ መነጽሯ ፈልጋ ፈልጋ በመከራ አገኘቻት። እኔ በባዶ ዓይኔ ነበር ያየኋት። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ ተኝቼ አላውቅም።

ሥራው እንዲህ ነው። ከጓሳው ሳር መሃል ቀጥ ብሎ እስከ ገደሉ አፋፍ የሚደርስ መንገድ አለ። ጎን ለጎን ሆነን እንሄድበታለን። እሷ በቀኝ ያለውን ወፍ ትቆጥራለች፣ እኔ በግራ ያለውን። ቆሞ መፈለግ የለም፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ እየተራመድን ያየነው ብቻ። መስከረም ላይ እሷ 60፣ እኔ 58።

ያ ሳር የመንደሩ ነው። በየጥቂት ዓመቱ በጋራ ያጭዱታል፤ በመሃሉ ከብት ድርሽ አይልበትም። ጠባቂው ማሞ የሚባል የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ ዝምተኛ። እኔ ወሎዬ ነኝ፣ ወሬ እወዳለሁ። ሆኖም ተስማምተናል።

እሑድ፣ ጥቅምት 3

ደክሞኛል፣ ባጭሩ። ሳሩ ላይ አመዳይ ወርዶ አደረ። ጭላዳዎቹ ፀሐይ እስኪሞቅ ገደል ውስጥ ቆይተው ተንጠላጥለው ወጡ። ቆቅ፣ ቁራ፣ ወንዙ ዳር ስድስት ዝይ። ሶሬቲ 59። እኔ 49። "ወፍ እንደ በግ አይታሰር፣ ይሆናል" አለች። በግራ በኩል ጭጋግ ነበረበት መሰለኝ። ማሞ ግን ለሚስቱ ለወርቅዬ "ዛሬስ ጥርት ያለ ቀን ነው" ሲላት ሰምቻለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ከጁምዓ ስመለስ ራሕማ አኩርፋ ጠበቀችኝ።

"ውባንቺን ምን አድርገሃት ነው?"

"ምን አደረግኋት?"

"ሱቁ ደጃፍ ቆማ በአጠገቧ አለፍክ። ሰላምታ ነፈግካት። 'ጋሽ አብዱ ተራራ መውጣት ከጀመሩ ወዲህ ሰው አያዩም' እያለች ለሰፈሩ ታወራለች።"

"አላየኋትም።"

"እንዴት አላየኋትም ትላለህ? ትከሻዋን ገፍተህ እኮ ነው ያለፍከው።"

ወይዘሮ ውባንቺ አጥራችን አንድ የሆነ ጎረቤታችን ናት። ልጆቻችን ሲያገቡ ድንኳኑን አብራን የተከለች ሴት። እሷን ልንቅ? ሐሳብ ይዞኝ መሆን አለበት። ነገ ሄጄ እጠይቃታለሁ።

(አልሄድኩም።)

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ዛሬ ያየሁትን ሳልጽፍ አልተኛም። ከገደሉ አፋፍ ተቀምጠን በሶ ስንበጠብጥ፣ ከማዶ ካለው ተራራ ራስ ላይ አንዲት ነጥብ አየሁ። "ጥምብ አንሳ" አልኩ፣ "ያ አጥንት ከሰማይ እየጣለ የሚሰብረው።" ሶሬቲ መነጽሯን አነሳች፤ ማሞ እጁን ግንባሩ ላይ ጋረደ። ሁለቱም አላዩም። ነጥቧ እየቀረበች፣ ክንፏ እየረዘመ፣ ጢሟ እስኪታይ ድረስ መጣች። እግሯ ላይ አጥንት ይዛለች። ከፍ ብላ ለቀቀችው፤ ድንጋዩ ላይ ሲሰበር ድምፁ ዘግይቶ ደረሰን። ተከትላው እየተሽከረከረች ወረደች።

"ጋሽ አብዱ፣ ይህ ዓይን የሰው አይደለም" አለች ሶሬቲ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። አላህ ይጠብቅልኝ።

ስንመለስ ድንጋይ አደናቀፈኝና በግራ ጉልበቴ ወደቅሁ። "ትናንት እዚህ አልነበረም" ብል ማሞ ሳቀ። "እዚህ ከተቀመጠ አያቴንም ያውቃታል" አለኝ።

ሶሬቲ 61። እኔ 41።

ዛሬ "ይሆናል" አላለችም። ደብተሯን ይዛ ወደ ግራ ስትመለከት ቆየች። በዚያ በኩል ከወንዙ ማዶ የመንደሩ ከብት የሚግጥበት መስክ አለ። "ማሞ፣ ከብት ወዲህ ተሻግሮ ይሆን?" አለችው።

"አልተሻገረም። እኔ እያለሁ አይሻገርም።"



ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

መገናኛ ላይ አንድ ውይይት ታክሲ የግራ ስፖኪዮዬን ነቅሎት ሄደ። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ "ጋሼ ተኝተዋል እንዴ?" አለኝ። ከየት እንደመጣ እንጃ። ለታዴዎስ "ቆሜ ሳለ ገጩኝ" አልኩት። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጴንጤ ነው፣ ሰው ያምናል። "ዋናው እርስዎ ደህና መሆንዎ ነው" አለኝ።

ቆሜ አልነበረም። ለምን እንደዚያ እንዳልኩት አላውቅም።

እሑድ፣ ኅዳር 1

እኔ 33። ሶሬቲ 58።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመንደሩ ሽማግሌዎች ከጥዱ ሥር ተሰብስበው ነበር። ሶሬቲ በትሕትና ነው የተናገረችው። በቀኝ በኩል ያለው ወፍ እንዳለ ነው፤ በግራ በኩል ግን በሁለት ወር ውስጥ ግማሽ ሊደርስ ቀንሷል፤ ምናልባት በሌሊት ከብት እየገባ፣ ወፎቹ ጎጆ የሚሠሩበትን ሳር እየረገጠ ይሆናል አለች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የእነሱ ሕግ ነው፣ ክብራቸው ነው።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ዓምደሚካኤል ወደኔ ዞሩ። "የግራውን የሚቆጥሩት እርስዎ ነዎት አሉ። እርስዎስ ምን ይላሉ?"

"ወፉ አልቋል" አልኩ። "እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።"

ማሞ ከዳር ቆሞ ነበር። አየኝ። አልተቆጣም፤ አንድ ነገር ሊጠይቀኝ እንደፈለገ ሰው ነበር የሚያየኝ።

ነገሩ እስኪጣራ ጠባቂነቱን ለሌላ ሰው ሰጡት። መንደሩ ለጠባቂ የሚሰፍረው ገብስም እስከዚያው ይቀርበታል። ከሰዎቹ አንዱ "አስገቢውስ እሱ ራሱ ቢሆን ማን ያውቃል?" ሲል ሰማሁ። ሁልጊዜ ስንነሳ ትኩስ ቆሎ በሰፌድ ይዛ የምትወጣው ወርቅዬ ዛሬ ከቤት አልወጣችም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ማሞ ያኔ ያየኝ አስተያየት ከፊቴ አልጠፋ አለ።

ኮቴ አይቻለሁ? አላየሁም። እበት? አላየሁም። የተጋጠ ሳር? እሱንም አላየሁም። ያየሁት ምንድን ነው ታዲያ? ወፍ አለማየቴን ነው ያየሁት። ሶሬቲ የተማረች ናት፣ ታውቃለች። እኔ ተጠየቅሁ፣ መለስኩ።

ራሕማ "ለምን አትበላም?" አለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ጭሱ ከገርጂ እስከ ቦሌ እንደ ደመና ተኝቷል። ዛሬ ማንም ምንም አያይም። በዚህ ጭስ ውስጥ መኪናዋን ወደ ግቢ ሳስገባ የግራ ፓራፋንጎው ከበሩ ጋር ተፋተገ። ትንሽ ነው፣ ቀለም ብቻ ነው የላጠው።

ራሕማ ደጃፍ ቆማ ታይ ነበር። እሷ ዝም ስትል አልወድም።

እሑድ፣ ኅዳር 15

27። ሶሬቲ 57።

አዲሱ ጠባቂ አልመጣም። ማሞ ነው የመጣው፣ ማንም ሳይጠራው። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከኋላዬ፣ ትንሽ ወደ ግራ ብሎ ተከተለኝ። ገደሉ ጋ ስንደርስ ሶሬቲ ቁጥሩን ልታስተካክል ተቀመጠች። እሱ ክንዴን ይዞ ፈቀቅ አደረገኝ።

"ጋሼ፣ ቅድም ከእግርዎ ሥር ቆቅ ተነሥታለች። ከነጫጩቷ።"

"የት?"

"አስታ ቁጥቋጦው ጋ። በግራዎ። ከዚያ በፊት ሁለት ቡናማ ወፎች ጅብራ ተክሉ ላይ ነበሩ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት። ከዚያ በፊትም ሦስት። አልቆጠሯቸውም።"

"አልነበሩም።"

"ነበሩ" አለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። "አጎቴ እንደዚህ ነበር። ማዶ ያለውን በግ ቆጥሮ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው አያይም ነበር። ዓይንዎን ይታዩ። ለኔ ብዬ አይደለም።"

እኔ ግን "ለራስህ ብለህ ነው" አልኩት። "ሠላሳ ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ። ጥምብ አንሳዋን ከሁላችሁም ቀድሜ ያየኋት እኔ ነኝ" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ ዱላውን አነሳና ወደ ቤቱ ወረደ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ሠላሳ ዓመት። አሰብ ድረስ። ጎጃም። ጅማ። በክረምት፣ በጭጋግ፣ በሰዓት እላፊ። ሰው አልገጨሁም። ዶሮ እንኳ።

ቆቅ ከነጫጩቷ ከእግሬ ሥር ብትነሣ አላይም? ድምፁንስ አልሰማም?

ድምፁን ሰምቻለሁ። ቀኝ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ራሕማ ሱቅ ውስጥ ሳለች ግቢው ውስጥ ወንበር አወጣሁና ግድግዳው ላይ ያለውን ምስማር እያየሁ ተቀመጥኩ። የግራ እጄን ከጆሮዬ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደፊት አመጣሁት። አፍንጫዬ ጋ ሊደርስ ሲል ነው ያየሁት። ደገምኩት። በቀኙም ሞከርኩ፤ እሱ ትንሽ ይሻላል፣ ግን ትንሽ ነው።

ራሕማ መጣች። "ምን እያደረግክ ነው?"

"ትከሻዬን እያፍታታሁ።"

"እስቲ ምስማሩን እዪና እጅሽን እንዲህ አድርጊ" አልኳት። አደረገች። "መቼ ታየሽ?" ብላት "ይሄው፣ ከጆሮዬ ጀምሮ አየዋለሁ" አለች።

የራሕማ ዓይን ድሮም ልዩ ነው። ሰው ሁሉ እንደሷ አያይም።

ከዚያ ሻይ አመጣችልኝ። ብርጭቆውን በግራዬ አስቀመጠችው፤ እጄን ሳወራጭ ደፋሁት። አንስታ ሌላ ቀዳች። በቀኜ አስቀመጠችው።

እሑድ፣ ኅዳር 29

መንገዱ አፍ ላይ ስንቆም ሶሬቲ ሻንጣዋን እያየች "ጋሽ አብዱ፣ ዛሬ ጎን እንቀያየር" አለች።

"ለምን?"

"እንዲሁ፣ ለማመሳከር።"

እዚያው ልነግራት እችል ነበር። እኔ ግን እሺ ብዬ ወደ ቀኝ አለፍኩ። በሕይወቴ እንደዛሬ አጥብቄ አይቼ አላውቅም። አንገቴ እስኪያመኝ አፍጥጬ ሄድኩ። ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች። ንፋስ የለም። ሳሩ ውስጥ የሚንጫጫውን እሰማለሁ፤ በሁለቱም ጆሮዬ እሰማለሁ። አያለሁ ያልኩት ቦታ ግን ባዶ ሳር ነው፣ እንደ ተላጨ ራስ።

ገደሉ ጋ ደረስን። እሷ በግራ 57። እኔ በቀኝ 36።

ጻፈችው። ደብተሩን ዘጋች። ዳቦ ቆርሳ ግማሹን ሰጠችኝ። በላን። ማዶ ጭላዳዎቹ ሳር ይነጫሉ፤ አንዷ ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላለች። ያንን ሁሉ፣ ጣቶቻቸውን ሳይቀር አያለሁ። እንዲህ እያየሁ ነው እንግዲህ የማላየው።

ቁልቁል ስንወርድ መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ይህንን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ያንን ቁጥር አይቼ፣ ልጅቱን ጎኔ አስቀምጬ፣ መሪ ያዝኩ።

ደብረ ብርሃን ስንገባ ሶሬቲ "ጋሪ!" አለች። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ ቆመች። በግራ መስኮቴ የፈረስ ትንፋሽ ሞላ። ነጭ ፈረስ ነው። ጋሪው ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ተቀምጣለች፤ እጇ ሆዷ ላይ ነው። ባለጋሪው ሊሳደብ የወረደ መስሎኝ ነበር። መስታወቱ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ከልቡ "አባቴ፣ ፈረሱን አላዩትም እንዴ?" አለኝ።

"አላየሁትም" አልኩት።

አፌ ይህን ቃል ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ስለ ውባንቺም ብዬው ነበር፤ ያኔ ግን ሰበብ ነበር።

ሞተሩን አጠፋሁ። "ሶሬቲ፣ መንጃ ፈቃድ አለሽ?"

"አለኝ። እንዲህ ያለ ትልቅ መኪና ግን..."

"ያው ነው። አትቸኩዪ።"

ወረድኩና ኮፋኖውን በእጄ እየዳበስኩ ዞሬ ወደ ሌላኛው በር ሄድኩ። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ነዳች። ላምበረት ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋባት፤ የጭነት መኪኖቹ ጡሩምባቸውን ለቀቁባት። "የራሳቸው ጉዳይ። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ" አልኳት። መኪናዋ ስትነሳ ነው የጠየቀችኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እንጃ። ከመስከረምም በፊት ሳይሆን አይቀርም።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ለራሴም አልነገርኩት።"

ቀጥላም "ማሞስ?" አለች።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2

ዓይን ሐኪም ዘንድ ከራሕማ ጋር ሄድን። አገጬን ብረት ላይ አስደግፎ በመብራት ሲያይ ቆየ። ግላኮማ ይባላል አለ። ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና ጅማቱን ይጎዳል፤ መሃሉን ትቶ ከዳር ከዳር ይበላል። አያምም፣ አያሳክክም፤ ለዚህ ነው ሰው የማያውቀው። የሄደው አይመለስም። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው፤ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ።

"መኪናስ?" አልኩ።

"መኪና አይነዱም።"

"በሰፈር ውስጥስ?"

"አይነዱም አባቴ።"

ስንወጣ ራሕማ በግራዬ ዞራ ክንዴን ያዘች። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር መንገድ ላይ ክንዴን ይዛ አታውቅም፤ ታፍራለች። ታክሲው ጋ እስክንደርስ አለቀቀችኝም። "እኔ ከረጅም ጊዜ በፊት አውቄው ነበር" አለች። "ትቆጣለህ ብዬ ፈራሁ።" እኔን የምትፈራበት ቤት መሥራቴን አላውቅም ነበር።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

ቦሌ፣ ታዴዎስ ቢሮ ሄጄ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የስፖኪዮውንም እውነት ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ "እጸልይልዎታለሁ" አለኝ። ቀጥሎም "መንገድ የሚያውቅ ሰው ቢሮ ውስጥም ያስፈልገኛል፤ ጥር ላይ እንነጋገር" አለ። ይሁን አይሁን አላውቅም። ሲናገር ግን ዓይን ዓይኔን አይቶ ነው።

ማታ ወይዘሮ ውባንቺ ቤት ገባሁ። "የጎን ዓይኔ ጠፍቶ ነው እንጂ ንቄዎት አይደለም" አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "እኔ ደግሞ ስንቱን አወራሁ" አለች። እራት ሳልበላ አልለቀቀችኝም።

ቀላሉ ይህ ነበር።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

ሶሬቲ ነዳች። እኔ ገቢና በቀኝ ተቀምጬ፣ መንገዱን ሁሉ በሌለ ፍሬን እግሬን ስረግጥ ዋልኩ። "የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ጥናቱም የኔ ነው። ሳላጣራ አፌን ከፈትኩ። እኔው ላስረዳቸው" ትለኛለች። "አንቺ የተናገርሽው እኔን አምነሽ ነው" አልኳት። ሳንስማማ ደረስን።

ሽማግሌዎቹ ከጥዱ ሥር ነበሩ። ማሞም ተጠርቶ መጥቷል፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የት እንዳለ ለማየት ራሴን ከዳር እስከ ዳር ማዞር ነበረብኝ። ሁሉም ሲያዩኝ ተሰማኝ። ቆምኩ።

"ባለፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው ብያችሁ ነበር" አልኩ። "ዓይኔ ታሟል። በጎን ያለውን አያይም። የጎደለው ወፍ አይደለም። ከብትም አልገባም። ሶሬቲ በግራ ብትቆጥር ወፉ እንዳለ አግኝታዋለች። ማሞ ነግሮኝ ነበር፤ ለራስህ ብለህ ነው ብዬ ውሸታም አደረግኩት። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

ሶሬቲም ተነሥታ ቁጥሮቹን አነበበች፤ የሷንም ጥፋት ጨመረችበት። አቶ ዓምደሚካኤል መሬቱን በከዘራቸው ሲጭሩ ቆዩ። "እኛስ?" አሉ በመጨረሻ። "ሳሩ የኛ ነው። ከመካከላችን አንድ ሰው ተነሥቶ፣ ወርዶ፣ ኮቴ አለ ወይ ብሎ አላየም። እናንተ እንግዶች ናችሁ። እሱን የምናውቀው እኛ ነን።" ከዚያ ወደ ማሞ ዞረው ጠባቂነቱን፣ የቀረበትንም ገብስ መለሱለት። ማሞ ተነሣ፣ እጅ ነሣ፣ ተቀመጠ።

ወደሱ ሄድኩ። "ይቅር በለኝ" አልኩት።

"ልጄ ከልጆች ጋር መጫወት ትታ ነበር" አለኝ። "የከብት አስገቢ ልጅ ይሏታል።"

ቆምኩ። እሱ ዱላውን አንሥቶ ተነሣ። ከዚያ "ሶሬቲ ልትቆጥር ነው፤ ይምጡ" አለኝ።

ሶሬቲ እስከ ዛሬ አዲሱ ጠባቂ ከነበረው ሰው ጋር ሆና በመንገዱ ሄደች፤ እሱ በግራ ይቆጥርላታል። እኔና ማሞ ወፎቹን እንዳናበረግግ ዞረን በገደሉ ጫፍ ወጣን። ረጅም መንገድ ነው። እሱ በገደሉ በኩል ሆነ፣ እኔን ወደ ውስጥ አደረገኝ። እኔም፣ ወሬኛው፣ ዝም አልኩ። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም፤ አሁን ስጽፍም አላውቅም።

ከአፋፉ ልንደርስ ስንል ቆመ። እጅጌዬን ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ ግራ አዞረኝ፤ ራሴን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ሰውነቴን። ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ሳሩ ውስጥ፣ ቀይ ቀበሮ ተቀምጣ ታየናለች። ጆሮዎቿ ቀጥ ብለዋል። አንገቷ ሥር ነጭ ነው። ሆዷ ሥር ሁለት ግልገሎች ይገፋፋሉ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለችው?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ከጅብራው ጀምሮ ጎን ለጎን ስትከተለን ነበር፤ ለግልገሎቿ ሰግታ" አለ። "አሁን ከነሱ ጋር ስለሆነች ተቀመጠች።"

መሬቱ ላይ ተቀመጥን። እሷ ከኛ ዓይኗን አልነቀለችም፤ እኔም ከሷ። እኛ እስክንሰለቻት ድረስ አየኋት።